የአርቦሬዋ ልጅና ባለአራት ፊደሉ ፈተና

አንዲት ልጅ ይዘን እንጓዝ። እኔ አወራለሁ፣ እናንተ ታዳምጣላችሁ፣ እሷ ትፈተናለች። ስም አላወጣላትም፤ የፈጠርኳት ልጅ ናትና። እሷን የመሰሉ ግን በየዓመቱ አሉ፤ አካባቢውን የሚያውቅ ይመሰክርልኛል።

አገሯ አርቦሬ ነው። ከኮንሶ ቁልቁል ወደ ወይጦ ትወርዱና ዋናውን መንገድ ለቃችሁ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ። ሜዳው እየሰፋ፣ ሙቀቱ እየበረታ፣ መሬቱ ወደ ጨው ባሕር እያዘቀዘቀ ሲሄድ አርቦሬ ደረሳችሁ ማለት ነው። ሕዝቡ ራሱን ሆር ይላል። ከብት ያረባል፤ የወይጦ ጎርፍ ሞልቶ ሲሸሽም እርጥቡ መሬት ላይ ማሽላ ይዘራል። ሐመር፣ ፀማይና ቦረና ጎረቤቶቹ ናቸው፤ አንዳንዴ ወዳጅ፣ አንዳንዴ በሣርና በውኃ የሚጣሉት።

ታዲያ ይህች ልጅ 12ኛ ክፍል ደረሰች። እስክትደርስ ያለፈችውን ሁሉ ልቁጠርላችሁ ብል መሽቶ ይነጋል። ቤት ውስጥ የአርቦሬን ቋንቋ ትናገራለች። ትምህርት ቤት ስትገባ አማርኛ ጠበቃት። አማርኛውን ለመድኩ ስትል ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ መጣ። ከብት ጠብቂ ያላት አለ፤ ታጭተሻል ያላት አለ፤ ጎርፍ መንገድ ቆርጦባታል። የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ቀይ አፈር ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጣ ነው የተማረችው። ሐሙስ ገበያ ሲቆም ከወደ ቆላ የመጣ ሰው ትፈልግና የቤቷን ወሬ ትጠይቃለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደብተሯን ይዛ ትውላለች።

አንድ ቀን መምህሯን በረንዳ ላይ ጠብቃ ጠየቀችው።

«ቲቸር፣ ኢንትራንስ እንዴት ያለ ፈተና ነው?»

«እንዳምናው ነው።»

«ያምናውንም አላየሁትም እኮ፣ ቲቸር።»

መምህሩ ሳቀ፤ ክፍል ሊገባ ነበርና ትከሻዋን ነካ አድርጎ አለፈ። ክፉ ሰው አይደለም። በእጁ አንድ ያረጀ ቡክሌት ነበረው፤ እሱንም ያለፈው ዓመት ተማሪ ወስዶ አልመለሰለትም። እንግዲህ እሱ ያልነገራትን እኔ ልንገራት፤ እናንተም ስሙ። ልጅ ያላችሁ በተለይ ስሙ።

ይህ የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሁለት በር አለው፤ የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ። በሁለቱም በር እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ አሉ። የተፈጥሮው ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጨምራል፤ የማኅበራዊው ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ስድስት ፈተና፣ እያንዳንዱ ከመቶ፣ ድምሩ ከ600። ቀደም ሲል ሲቪክስም ስለነበረ «ከ700 ስንት አመጣህ?» ይባል ነበር። ሒሳቡ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ለሁለቱ በር የሚቀርበው ወረቀት የተለያየ ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ሁሉም ምርጫ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ድርሰት የለም፣ አብራሩ የለም፣ ስሌታችሁን አሳዩ የለም። ግማሽ መንገድ በትክክል ሄዳችሁ መጨረሻ ላይ ከተሳሳታችሁ፣ ለግማሹ መንገድ ግማሽ ማርክ የሚሰጣችሁ የለም። አራሚው ማሽን ነውና።

ማሽኑ የሚያየው የጠቆረ ክብ ብቻ ነው። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መልሷን በደብተር ላይ በእስክሪብቶ ስትጽፍ ኖራለች። አሁን ጥያቄው አንድ ቦታ ነው፣ መልሱ ሌላ ቦታ። ስሟን ትጽፋለች፤ የምዝገባ ቁጥሯን እያንዳንዱን አኃዝ ከሥሩ ባለው ክብ ታጠቁራለች፤ የትምህርቱን ኮድ፣ የቡክሌቱን ኮድ ታጠቁራለች። ከዚያ ነው ወደ ጥያቄው የምትገባው። እርሳሱ በጣም ከሾለ ወረቀቱን ይቀድዳል፤ ከደነዘዘ ከክቡ ያልፋል። ላጲሱ የቆሸሸ ከሆነ ጥላ ትቶ ሁለት መልስ ያስመስላል። ደግሞ አለላችሁ ዋናው ጉድ! 37ኛው ጥያቄ ከበዳትና ዘለለችው። 38ኛውን ሠራች፤ መልሱን ግን በ37ኛው ረድፍ ላይ አጠቆረች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ረድፍ ሽቅብ ተንሸራተተ። የምታውቀውን ሁሉ ታውቃለች፤ ወረቀቱ ግን አታውቅም ይላል። ይህ የደረሰበት ሰው ባጠገባችሁ አይጠፋም፤ ጠይቁ።

ሰዓቱስ? ለዓመታት እንግሊዝኛው 120 ጥያቄ በሁለት ሰዓት ነበር። ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ። ረጅሙን ምንባብ ማንበቢያም በዚያችው ደቂቃ ውስጥ ናት። ሒሳቡ 65 ጥያቄ በሦስት ሰዓት፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በሦስተኛ ቋንቋዋ የምታነብ ልጅ በዚህ ሰዓት ውስጥ አንብባ፣ ተርጉማ፣ አስባ፣ መርጣ ማጥቆር አለባት። እንግዲህ የመጀመሪያው ብልኃት ይህ ነው፤ የከበደሽን ምልክት አድርገሽ እለፊው፤ የቀለለሽን ሰብስቢ፤ ሰዓት ከተረፈ ተመለሺ። ሁለተኛው ብልኃት ይበልጣል፤ ለተሳሳተ መልስ ማርክ አይቀነስም። ስለዚህ አንድም ክብ ባዶ አይቅር።

ሁለተኛው ብልኃት ስንት እንደሚያወጣ አብረን እናስላ። መቶ ጥያቄ ቀረበላት እንበል። 34ቱን ጥርት አድርጋ ታውቃለች። የቀሩትን 66 ጭራሽ አታውቅም፤ ዓይኗን ጨፍና ታጠቁራለች። ከአራቱ ምርጫ አንዱ ትክክል ነውና በአማካይ 16 ያህሉ ይገኙላታል። 34 እና 16 ስንት ነው? 50። ማለፊያውስ? ከመቶ 50!

አሁን የምነግራችሁን ቁጥር በዚህ ስሌት ስሙት። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት ጥር 19 ቀን 2015 ሲነገር፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። 3.3 ከመቶ። አገር ደነገጠ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ፤ ከ3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ። እና እንዲህ ብለን እንጠይቅ፤ አንድ ሦስተኛውን አጥርቶ ያወቀ ልጅ በግምት ጭምር 50 ይደርሳል ካልን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ከአራት ዓመት ትምህርት ሲሶውን እንኳ አልያዘም ማለት ነው? ብዙ ሰው አዎ ይላል፤ የትምህርቱ ጥራት ወድቋል ይላል። እውነት አለው። እኔ ግን ሌላም አለ ባይ ነኝ፤ ያወቀውን ወረቀቱ ላይ ማሳረፍ ያቃተው አለ። ይህን ማሽኑ ለይቶ አይነግረንም።

እስቲ ልጅቷን ለጊዜው እናሳርፋትና የወረቀቱን የትውልድ ሐረግ ልንገራችሁ። አባቶቻችን ማትሪክ የሚሉት ስሙን ያመጣው ከለንደን ነው። አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ከመጀመሩ በፊት፣ ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ የእኛ አገር ልጅ ከእንግሊዝ በመጣ ጥያቄ ነበር የሚመዘነው። ኋላ ፈተናው የራሳችን ሆነ፤ ስሙ ግን አልለቀቀንም። በ1993 ዓ.ም. ለ10ኛ ክፍል አንድ፣ ለ12ኛ ሌላ ሆኖ ለሁለት ተከፈለ፤ የአሥረኛው ቆይቶ ቀረ። አሁን የሚያዘጋጀው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይባላል።

ይህ ወረቀት የተሰረቀበትም ቀን አለ፤ ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት ነበር። ተፈታኙ ታጥቦ፣ እርሳሱን ቀርጾ በየትምህርት ቤቱ ተሰልፏል። የእንግሊዝኛው ፈተና ገጾች ግን ቀድመው በፌስቡክ ወጥተው ሰው ሲቀባበላቸው አደረ። ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ፤ ከ250 ሺህ በላይ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ፌስቡክ ተከፍቶ አይቶ የማያውቀው የቆላ ልጅም አብሮ ተመለሰ፤ በሰኔ ማብቂያም እንደገና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ፈተና ሲመጣ ኢንተርኔት መዘጋት ሆነ። ስርቆቱ ግን አልቆመም፤ መልስ በስልክ ይዞር፣ ሲቪክስን ሁሉም ደፈነው ይባል፣ ውጤት ይሰረዝ ነበር።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ብርሃኑ ነጋ ነገሩን ከሥሩ ነቀሉት። ተፈታኙ ሁሉ ከመንደሩ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ እዚያው በልቶ፣ እዚያው አድሮ ይፈተን ተባለ። መጀመሪያ የማኅበራዊ ሳይንስ፣ ቀጥሎ የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች ገቡ። ብዙ ተወቀሰ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደግ አደረጉ። ኩረጃ ሲዘጋ የሚጠቀመው ማን ነው? የሚኮርጅበት ሰው ያልነበረው ነዋ። የአርቦሬዋ ልጅ በስልክ መልስ የሚልክላት አጎት የላትም።

ከብዙ ተፈታኝ ጥቂት ብቻ ማለፉ በሌላም አገር ታይቷል። ቻይና በባህል አብዮቷ ዘመን ያቋረጠችውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ ጋኦካኦ የሚሉትን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ስትመልሰው 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተቀመጠ። የገቡት ከመቶ 5 አልሞሉም። ለዓመታት በእርሻ ላይ የከረመ ጎልማሳና ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር የተፈተኑት። ልዩነቱ፣ እዚያ የገቡት ጥቂት የሆኑት ወንበሩ ጥቂት ስለነበረ ነው። እኛ ዘንድ ወንበሩ ባዶውን ቀረ።

ወደ ልጅቷ እንመለስ፤ አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል ደርሰናልና። አፕቲትዩድ!

ከስድስቱ ፈተና ይህ ብቻ መጽሐፍ የለውም። ክፍለ ጊዜ የለውም፤ መምህርም አይመደብለትም። ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ የቃል፣ አንዱ የቁጥር። በቃሉ ወገን ተመሳሳይና ተቃራኒ፣ ዓረፍተ ነገር ማሟያ፣ የቃላት ዝምድና፣ ደግሞም ከተሰጠ ነገር ተነስቶ መደምደም አለ። በቁጥሩ ወገን የቁጥር ሰልፍ፣ መቶኛ፣ ንጽጽር፣ ሰንጠረዥ ማንበብ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የተሸመደደውን ትቶ ማሰቡን መለካት። የከተማው ልጅ ግን ለዚህም ማጠናከሪያ ይገባል፤ ኤክስትሪም የሚሉትን የመለማመጃ መጽሐፍ ገዝቶ ቤቱ ይለማመዳል። ሰው የማሰብ ችሎታዬ ተለካ ይላል እንጂ ልምምዱም አብሮ ይለካል።

ልጅቷን እኔ ልፈትናት። በአማርኛ እንዲህ አልኳት እንበል፤ «አራት ጊደሮች በሰልፍ ወደ ወይጦ ውኃ ይወርዳሉ። ቀይዋ ከጥቁሯ ትቀድማለች። ዥጉርጉሯ ከቀይዋ ትቀድማለች። ነጯ ፊተኛም ኋለኛም አይደለችም፤ ከጥቁሯ ጎንም አትሄድም። ሁለተኛዋ ማን ናት?» ብዕር አላነሳችም። ከብት እየነዳች ያደገች ልጅ ሰልፉ ይታያታል። ዥጉርጉሯ ፊት፣ ቀይዋ በመካከል፣ ጥቁሯ ኋላ፤ ነጯ ወይ ከቀይዋ ፊት ናት ወይ ከቀይዋ ኋላ። ከቀይዋ ኋላ ከሆነች ጥቁሯን ትነካለች፤ አይሆንም። «ነጯ!» አለች።

ይኸው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ጊደሮቹ ጆንና ሜሪ ይሆናሉ፤ ወንዙ የስብሰባ ጠረጴዛ ይሆናል፤ ፊተኛም ኋለኛም አይደለችም የሚለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይክዳል፤ እሷም ክህደቱን ስትፈታ ደቂቃዋ ታልቃለች። የማሰቡ ችሎታ ያው ነው። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ እንግሊዝኛ ነው።

አሜሪካኖቹም ይህ ገጥሟቸዋል። ኤስ ኤ ቲ የሚሉት ፈተናቸው ከ1926 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ያለ ነው። በውስጡ የቃላት ዝምድና ጥያቄ ነበረ፤ ሯጭ ለማራቶን ከሆነ ቀዛፊ ለምን ነው የሚል ዓይነት። መልሱ የጀልባ እሽቅድድም ነው። ሐይቅ ዳር ቤት ያለው የሀብታም ልጅ ሳያስብ ይመልሳል፤ ጀልባ አይቶ የማያውቀው የድሃ ልጅ ከየት ያምጣው? ብዙ ተከራከሩበትና በ2005 የቃላት ዝምድናን ከፈተናው አወጡት። የእኛዎቹ ጥያቄ አውጪዎች ይህን ታሪክ ቢያዩት አይጎዳቸውም። ሊፍትና ክሬዲት ካርድ ከመጥቀስ ጊደርና ማሽላ መጥቀስ ምን ያስከፍላል? የአዲስ አበባው ልጅ ቢሆን ጊደር ምን እንደሆነች ያውቃል።

ቀኑ ደረሰ። ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በመኪና ወጣች። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ ከዚያ በፊት የደቡብ ኦሞ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለማየት አርባ ምንጭ መሄድ ነበረበት። በሩ ላይ ተፈተሸች። ዶርም ተሰጣት። ከበላይዋ አልጋ ላይ የማታውቃት የአሪ ልጅ ተኝታለች፤ እኩለ ሌሊት ድረስ ፎርሙላ ሲያንሾካሹኩ ቆዩ። ጠዋት አዳራሽ ገባች፤ እንግሊዝኛ ነው የቀደመው። ቡክሌቱ ፊት ለፊቷ ተገልብጦ ተቀመጠ። ፈታኙ መመሪያውን በእንግሊዝኛ አነበበ፤ ትንሽ በአማርኛ ጨመረ። «ጀምሩ» አለ።

እዚህ ላይ ላቁማችሁ። ይህች ልጅ ያን ዕለት የመልስ ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ፣ ከትልቅ ከተማ የመጣ ከሆነ፣ ሞዴል ፈተና ላይ ሲያጠቁር ከርሟል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ አንድ ዓይነት ሰዓት ተሰጣቸው። በሕግ እኩል ናቸው።

በዚህ ላይ የኦንላይን ፈተና መጣ። በ2016 በጥቂቱ ተጀመረ፤ በ2017 ሰፋ። በኦንላይን ለሚፈተነው ክብ ማጥቆር ቀርቶ በማውስ መጫን ሆነ። ረድፉ አይንሸራተትም፤ ይህ መልካም ነው። ማውስ ጨብጣ የማታውቅ ልጅ ግን የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የምትፈጀው ከቀስቱ ጋር ስትታገል ነው።

አለፈች? ወደቀች? ትሉኛላችሁ። የፈጠርኳት ልጅ ናትና እንደ ፈለግሁ ማድረግ እችላለሁ፤ ግን ላታልላችሁ አልፈልግም። 50 ሳይሞላላት ቀረ እንበል፤ የአብዛኛው ዕጣ ይኸው ነውና። ጥቂት ለጎደለባቸው ሪሜዲያል የሚሉት መንገድ አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተጨማሪ ወራት ይማራሉ፣ ከመቶው 30 እዚያው ዩኒቨርሲቲው ይሰጣል፣ 70ው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ነው፤ 50 ያመጣ አንደኛ ዓመት ይገባል። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች የሪሜዲያሉ መግቢያ ነጥብ ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል። ይህ ድጋፍ ተገቢ ነው። ቅር የሚለኝ ሁሉም ከፈተናው በኋላ መምጣቱ ነው። ከፈተናው በፊት አንድ ያረጀ ቡክሌት ያልደረሳትን ልጅ፣ ከፈተናው በኋላ ነጥብ ቀንሶ መቀበል ነገሩን ከጅራቱ መያዝ ነው።

እናንተ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ተማሪዎች፣ እናንተ ይህን ፈተና ተፈትናችሁ ያለፋችሁ የሐመር፣ የበና፣ የፀማይ፣ የአሪ ልጆች! ለዕረፍት ስትወርዱ ያለፉትን ዓመታት ቡክሌቶች ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። የመልስ ወረቀቱን በእጃችሁም ቢሆን በማስመሪያ አስምራችሁ ያዙ፤ እርሳስ፣ ላጲስና አንድ ሰዓት ጨምሩ። በዲመካም፣ በቱርሚም፣ በቀይ አፈርም ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ቅዳሜ ስጧቸው፤ 120 ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት፣ ክብ እያጠቆሩ። በጀት አይጠይቅም፤ የርዕሰ መምህሩ ፈቃድና አንድ ክፍል ይበቃል። ፈተናው የሚሰጠው በክረምት መግቢያ ነውና ጥር ላይ ብትጀምሩ ትደርሳላችሁ።